በጥርስ የሚሰማ ጊታር

የመጀመሪያው ጊታሬ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ግን አልነበረኝም። ነዳጅ የሌለው መኪና በሉት።

ጊታሩም ቢሆን የኔ አይደለም፤ የጎረቤታችን የጋሼ ነው። ጋሼ በደርግ ጊዜ በአንድ ክፍለ ጦር ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር ይጫወት ነበር። ጦሩ ሲበተን ጊታሩን አንጠልጥሎ ቤቱ ገባ። አምፑ (አምፕሊፋየሩ) የመንግሥት ንብረት ስለሆነ እዚያው ቀረ። (ጊታሩስ የማን ንብረት ነበር? ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም።)

ቤታችን ፒያሳ ነበር፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ክሮቹን እመታለሁ። አምፕ የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁ ያሳዝናል። የዝንብ ያህል ነው። ግቢ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች አንዴ ሲስቁ ይውጡታል። አንድ ቀን፣ ድካም ይሁን ተስፋ መቁረጥ እንጃ፣ አገጬን ጊታሩ ላይ ጣል አደረግኩ። ጥርሴ እንጨቱን ነካ። ድምፁ ባንዴ ጭንቅላቴን ሞላው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ጊታር የሰማሁት በጥርሴ ነው። እናቴ "ይሄ ልጅ ደግሞ ጣውላ መብላት ጀመረ" ትል ነበር።

ጂሚ ሄንድሪክስ የሚባል ሰው በጥርሱ ጊታር ይጫወታል ሲሉኝ ብዙም አልገረመኝም። እኔ በጥርሴ እሰማ የለ!

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ወጣት ጊታሪስት የተናገረው ነገር ነው። "ጋሼ፣ ሶሎ እኮ የሽማግሌ ነገር ሆኗል" አለኝ። ሶሎ ማለት ዘፋኙ ዝም ብሎ መሣሪያው ለብቻው የሚናገርበት ቦታ ነው። ጋሼ የምባለው አሁን እኔ ነኝ፤ እሱም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ ገሚሱን ልክ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላው ገሚስ ነው።

የኔ ዕድሜ የአዲስ አበባ ልጅ የሮክ ሶሎ መጀመሪያ የሰማው ሮክ መሆኑን ሳያውቅ ነው። ያሰማን ማይክል ጃክሰን ነው። "ቢት ኢት" መሃል ላይ ሠላሳ ሰከንድ ያህል አንድ ነገር ይፈነዳል። ሰፈራችን ውስጥ ዳንስ የሚችሉት ልጆች እዚያ ቦታ ሲደርሱ እግራቸውን የሚያደርጉበት ይጠፋቸዋል። ምን እንደሆነ ተከራከርን። አንዱ ኪቦርድ ነው አለ። አንዱ የአምቡላንስ ጩኸት ቀድተው ነው አለ። ካሴቱን ይዘን ጋሼ ጋ ሄድን። ካሴቱን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ አስመለሰን፣ ሰማ፣ "ጊታር ነው" አለ። ትንሽ ቆየና "ግን በስንት እጁ ነው የሚጫወተው?" ብሎ ራሱ ጠየቀን።

ሰውየው ኤዲ ቫን ሄለን ነበር። ያንን ሶሎ በ1982 ሲቀዳ ገንዘብ አልተቀበለም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ነገሩ የእነሱ ስለሆነ።) ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ "ኢራፕሽን" የምትል 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ የሆነች ሙዚቃ አውጥቷል። ዘፋኝ የላትም። ለአልበሙ ታስባም አልነበረም። ኤዲ ለአንድ የክለብ ሥራ ጣቱን ሲያፍታታ ፕሮዲዩሰሩ ሰማውና ይቀዳ አለ። የጋሼ ጥያቄ መልሱ "በሁለቱም" ነው። ቀኝ እጁ ክር መምታቱን ትቶ ወደ ጊታሩ አንገት ይሄድና ከግራው ጋር አብሮ ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ብረቶች) ይነካል። ይህን የጀመረው እሱ አይደለም። ዓለም ያወቀው ግን ከእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ጊታር የያዘ ወጣት ሁሉ ይህንኑ ሲያደርግ ኖረ። ፍጥነት መለኪያ ሆነ። በ1984 ኢንግቬ ማልምስቲን የሚባል ስዊድናዊ የቫዮሊን ሩጫ በጊታር ይዞ መጣ፤ ብሎት ተፈታ። ሶሎው ከዘፈኑ ተገንጥሎ የራሱን መንግሥት አቋቋመ። ዘፋኙ ጓዳ ገብቶ ውሃ ይጠጣል፣ ጊታሪስቱ መድረክ ላይ ለብቻው አሥር ደቂቃ ይጋልባል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያኔ ብሆን እጋልብ ነበር።

ጋሼ ለዚህ አንድ ቃል ነበረችው። ፍጥነት አግኝቼ ስፈነጭ አይቶኝ "ተቀበል እንጂ አትቀማ" አለኝ።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይገባዋል። ከታዳሚው አንዱ ይነሳና "ተቀበል!" ይላል። አዝማሪው "ይበል!" ብሎ ስንኟን ይጠብቃል፣ ይደግማታል፣ ከዚያ በስንኝና በስንኝ መሃል ማሲንቆው ይገባል። ማሲንቆው አዲስ ወሬ አያመጣም። የተባለውን ተቀብሎ ቃል የማይደርስበት ቦታ ያደርሰዋል። አንድ ክር ብቻ ነው ያለው። እዚህ ላይ ስለ ሰምና ወርቅ እንድጽፍ የሚጠበቅብኝ ይመስለኛል፤ ይቅርብኝ። እኔ የምለው የጋሼን ነው። ሶሎ ማለት መቀበል ነው። ዘፋኙ እስከ አንድ ቦታ ይወስድሃል፣ ከዚያ ወዲያ ያንተ ነው።

ይህን ይዤ የሮክን ታሪክ ሳነበው ሌላ መልክ ይይዛል። ሶሎን ገደሉት የሚባሉት ሰዎች የገደሉት ቅሚያውን ነው። በ1977 በዝኮክስ የሚባሉ የእንግሊዝ ፓንኮች (ፓንክ አጭርና ጥሬ ሮክ ነው) ሁለት ኖታ ብቻ የሆነ ሶሎ አወጡ። ሁለት! እየመላለሱ። ቀልድ ነው፤ ግን ማን ላይ እንደሚቀልዱ ይገባል። በ1991 ኒርቫና የሚባል የአሜሪካ ባንድ መጣ። ብዙ ሰው ሶሎን የቀበረው ኒርቫና ነው ይላል። ያንን ዓለም ያወቀውን "ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት" የሚለውን ዘፈናቸውን ግን ደግማችሁ ስሙት። ሶሎ አለው። ዘፋኛቸውና ጊታሪስታቸው ከርት ኮቤይን የሚጫወተው የራሱን የዘፈን ዜማ ነው፤ አፉ ያለውን ጣቱ ይደግመዋል፣ አለቀ። ጋሼ ቢሰማው ኖሮ ይህ ልጅ አዝማሪ ቤት ነው ያደገው ይል ነበር። የሄቪ ሜታል ባንዱ ሜታሊካ ደግሞ በ2003 አንድም ሶሎ የሌለው ሙሉ አልበም አወጡ። በ2008 ሶሎውን መለሱት። መሃል ላይ ያሉት አምስት ዓመታት ለሜታሊካ ወዳጅ የሁዳዴ ጾም ነበሩ።

እኛ ግን ይህን ሁሉ ግድያና ቀብር በጊዜው አላየንም። አዲስ አበባ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ነው የደረሰው። ከውጭ የመጣ የአንድ ሰው ዘመድ ካሴት ይቀዳልናል፤ በአንዱ ገጽ የ1971 ሌድ ዜፕሊን፣ በሌላው ገጽ የ1991 ኒርቫና። እነሱ ሃያ ዓመት የተጣሉበትን እኛ በአንድ ካሴት ላይ አስታርቀን ሰማነው። ካሴቱ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን። ካሴት የሚቀዳልን ሱቅ ዶሮ ማነቂያ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ቆሜ አየሁ፤ ሱቁ የት ጋ እንደነበር እንኳ ለመለየት ቸገረኝ።

እኛ ጋ ሶሎን የጎዳው ሌላ ነው። ስሙም ኪቦርድ ይባላል።

ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በንጉሡ መጨረሻና በደርግ ጊዜ የዚህ ከተማ ሙዚቃ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ነበር። አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ይጫወት ነበር፤ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው እሱ ነው። ጊታሩን የያዘው ሰላም ስዩም ወልደማርያም ነው፤ ሰላሚኖ የሚሉት። ከሄንድሪክስ ጋር የሚያመሳስሉት ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ሄንድሪክስ ያቃጥላል፤ ሰላም ይቆጥባል። ከድምፃዊው ጀርባ ሆኖ ሁለት ሦስት ኖታ ጣል ያደርጋል፣ ያቺን ቦታ ግን ሌላ ሰው ሊሞላት አይችልም። ባንዱ የተጫወተባቸው ካሴቶች ከ200 በላይ ናቸው። ጊታር ምን እንደሆነ ሳናውቅ በፊት የሰላምን ጊታር በጆሯችን ይዘን ነው ያደግነው።

ዋልያስ ባንድ ደግሞ ሂልተን ነበሩ። ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር። ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው አበቃለት። ስለዚህ ክለብ የገባ ሰው ቤቱ የሚሄደው ሲነጋ ነው፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እስቲ አስቡት። ለሊቱን ሙሉ የሚሄድበት የሌለው ታዳሚ ከፊትህ ተቀምጧል። ሦስት ደቂቃ ዘፈን ይዘህ እዚያ አትደርስም። ዘፈኑ ይረዝማል፣ ኦርጋኑ ይገባል፣ ሳክስፎኑ ይገባል፣ ጊታሩ ይገባል። ጋሼ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ስለ ፍርሃቱ ብዙ አይናገርም። "ጊዜ ነበረን" ይል ነበር። እስረኛ "ጊዜ ነበረን" እንደሚለው ይሁን ሌላ፣ አሁንም አላውቅም።

ከዚያ ደርግ ወደቀ፣ ሰዓት እላፊው ተነሳ፣ ኪቦርድ ገባ። አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን። ድራሙን ይመታል፣ ቤዙን ይመታል፣ መለከቱን ሳይቀር "ያወጣል"። ለክለቡ ባለቤት ሰባት ሰው ከመክፈል አንድ ሰው መክፈል ይሻላል። ማንም ሶሎን የጠላ የለም። ሒሳብ ነው።

የዚህ ሒሳብ ሰለባ አንዱ እኔ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ላይ አንድ ድምፃዊ አልበም ሲሠራ ለአንድ ዘፈን ጊታር እንድጫወት ተጠራሁ። 24 ባር ሶሎ ቀዳሁ። ሁለት ሳምንት የተለማመድኩት ነው። ሲወጣ ሰማሁት፤ የተረፈው አራት ባር ብቻ ነው። የቀረው ቦታ ላይ አቀናባሪው የኪቦርድ ዋሽንት አስገብቶበታል። ዋሽንት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ይህን ለሰማኝ ሁሉ እያወራሁ ኖሬያለሁ። ሚስቴ አሁን ስጀምረው ሳህን ታነሳለች።

ባለፈው የገና ሰሞን ሙሉው ቅጂ ከአንድ አሮጌ ሲዲ ላይ ተገኘ። ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከ24ቱ ባር ሃያው ቅሚያ ነው። ድምፃዊው ስለ እናቱ ሞት ይዘፍናል፣ እኔ ጣቴ እንዴት እንደፈጠነ አሳያለሁ። አቀናባሪው ያስተረፋቸው አራቱ ደህና ናቸው። የዋሽንቱን ነገር ግን ይቅር አልልም።

እንዲህ ስል ፈጣን እጅ የማልወድ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። እኛ እኮ የፉከራና የሽለላ ሰዎች ነን። ጀግና ሲፎክር "ምነው ዝግ ብትል" የሚለው የለም። ጌታቸው መኩሪያን አስቡት። ለረጅም ዓመታት የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰው ነበር። ሽለላን ከአፍ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። የአንበሳ ጎፈር ደርቦ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚነፋው ሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ ይፎክራል። ለከት የለውም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል። ሆኖም ቅሚያ አይደለም። ፉከራ የሚያምረው ከኋላው ታሪክ ሲኖር ነው፤ ዙሪያውን የከበበ ሰው "በለው!" ሲል ነው። ጌታቸው የተቀበለው ከድምፃዊ ሳይሆን ከአያቶቹ ነው።

አሁን የምወደውን ክፍል ልንገራችሁ። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ አለ። ፓንክ ማለት፣ ያው፣ ሶሎ የሚጸየፍ ወገን ነው። እነዚህ ሰዎች የጌታቸውን ሙዚቃ ሰሙ። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ አምስተርዳም ጋበዙት። በ2006 "ሞአ አንበሳ" የሚባለውን አልበም አብረው አወጡ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ከፊት ይሸልላል፣ ፓንኮቹ ከኋላ በጊታር እንጨት ይፈልጣሉ። ሶሎን የናቁት ልጆች ሶሎ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጡ ማለት ነው። ኤዲ ቫን ሄለን የተወለደባት ከተማም ያቺው አምስተርዳም ናት። ምንም ማለት አይደለም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ለሙዚቀኞች ብቻ ነው፣ ያልፈለገ ይዝለለው። የሮክ ጊታር የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ የሚማራት ማይነር ፔንታቶኒክ አምስት ኖታ ናት። እኛ ባቲ ማይነር የምንላት እሷው ናት። ሜጀሯ ደግሞ ትዝታ ሜጀር። ጋሼ የሮክ ሶሎ ሰምቶ "ይሄማ ባቲ ነው" ሲለኝ የሚያሾፍ ነበር የመሰለኝ። ኋላ አንገቱ ላይ ጣቴን ሳስቀምጥ እውነትም ባቲ። ታዲያ ለምን ባቲ አይመስልም? አካሄዱ ነው። እነሱ ክሩን ወደ ላይ ገፍተው ኖታውን ያስለቅሱታል፤ የእኛ ሰው በጉሮሮው ያርገበግበዋል። አንቺሆዬ ላይ ስትደርሱ ግን የሮክ ልምድ አያድናችሁም። የኖታዎቹ ርቀት የለመደ ጣትን ያሰናክላል። አንድ ሰው አንቺሆዬ ላይ ጥርት ያለ የሮክ ሶሎ ከጣለልኝ ክትፎ እጋብዛለሁ። የጃኖ ባንድ አልበም "ኤርታሌ" በ2012 ሲወጣ ተስፋ አድርጌ ነበር። ዲስቶርሽን (የሻከረ ድምፅ) የገባበት ጊታርና የእኛን ቅኝት አንድ መድረክ ላይ በድፍረት አወጡት። ከዚያ ወዲህ መንገዱን የተከተለ ሰው ብዙ አይደለም።

ዛሬስ? ወጣቱ ጊታሪስት ማኪያቶውን እየጠጣ ስልኩን አሳየኝ። ፖሊፊያ የሚባሉ የቴክሳስ ልጆች ናቸው። የናይለን ክር ባለው ጊታር የሚሠሩት ነገር የማይታመን ነው፤ ቫን ሄለን ራሱ ተነስቶ ወንበር ይለቅላቸዋል። ግን የቱ ጋ ነው ዘፈኑ የቆመው፣ የቱ ጋ ነው ሶሎው የጀመረው? መለየት አይቻልም። ሁሉም ሶሎ ነው። ስለዚህ ሶሎ የለም። ልጁን "ከማን ነው የተቀበሉት?" ብዬ ጠየቅኩት። ጥያቄው አልገባውም። እኔም በደንብ አላስረዳሁትም።

እሱም ያልኩትን ትቶ ሌላ ነገር ነገረኝ። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተሰማ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ዘፋኙ በዚያች ውስጥ ሰው መያዝ አለበት። "ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያለ ሶሎ ማን ይደርስበታል፣ ጋሼ?" አለኝ። ይሄ ሰዓት እላፊ በግልባጩ ነው ብዬ አሰብኩ። ያኔ መውጫ አልነበረም፤ አሁን ሁሉም ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው።

እኔ ደግሞ በተራዬ ምዱ ሞክታርን አሰማሁት። የኒጀር ሰው ነው፣ ቱዋሬግ። ልጅ ሆኖ ጊታር መግዛት ስላልቻለ ከእንጨት ራሱ ሠራ፤ ክሩን ከብስክሌት ሽቦ። አሁን በዓለም ላይ እየዞረ ይጫወታል። ግራኝ ነው፣ እንደ ሄንድሪክስ። ፍጥነቱ ከማንም አያንስም። ግን ልብ በሉ፣ መጀመሪያ በቋንቋው ይዘፍናል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ጭብጨባው ነው ወደ ሶሎው የሚገፋው። የሠርግ ቤት ሙዚቃ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሰማ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። "ይሄ ሶሎ አይደለም" አለኝ በመጨረሻ። "ታዲያ ምንድነው?" አልኩት። "እንጃ" አለ። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።

ሰኞ ደወለልኝ። ዓርብ ማታ ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ አንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ባንዱ ይጫወታል፣ ልምጣ? ሄድኩ። ከመድረኩ ሁለት ክንድ የሚርቅ ጠረጴዛ አገኘሁ። መድረክ ልበለው እንጂ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ጣውላ ነው። ዘፋኟ ጥሩ ድምፅ አላት፣ ትንሽ ፈርታለች። አራተኛው ዘፈን ላይ ስንኟን ጨርሳ ወደ ጎን ዞር አለች፤ ልጁም ገባ። የሽማግሌ ነገር ያለውን ነገር ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የገባው። እሷ ያቆመችበትን ኖታ አንስቶ።

መብራት ጠፋ።

ጊታሩ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ፣ ኪቦርዱ ሞተ። ድራመሩ ብቻ ቀረ። ሰው "ኡኡ" አለ፣ ስልኮች በሩ፣ ከጓዳ አንድ ሰው ስለ ጄኔሬተር ተሳደበ። ድራመሩ አላቆመም፤ ዝቅ አደረገው፣ በዱላው ጫፍ ብቻ። ልጁም አላቆመም። በስልክ ብርሃን ጣቶቹ ሲሄዱ ይታያሉ። ከኋላ ላሉት ምንም አይሰማም። እኔ ጋ ግን ይደርሳል። ያ የዝንብ ድምፅ። ሃያ ምናምን ዓመት ያልሰማሁት፣ አምፕ የሌለው የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ ፊት አጎነበሰች። ከኋላዋ ያሉት ሁለቱም። ቤቱ ዝም እያለ መጣ። እኔ ሳላስበው እጄ የመድረኩ ጣውላ ላይ ነበር።

መብራት ሲመጣ አምፑ ጓ አለ። ልጁ ያን ጊዜ የት እንደደረሰ ሁላችንም ሰማን፤ ከላይ ነበር፣ ክሩን እየገፋ፣ ሊወርድ ሲል። ወረደ። ዘፋኟ ማይኩን አነሳችና ተቀበለችው።